ሬስት፣ ሶፕ፣ ግራፍኪውኤል ወይስ ጂአርፒሲ? ባሕር ዳር ላይ ሲስተም ለምትሠሩ የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ለሶፍትዌር ሠሪ የሚመጣው ሥራ ይመሳሰላል። የሆቴል ክፍል ማስያዣ፣ የጀልባ ትኬት፣ የፋርማሲ ክምችት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። ሞባይል አፑንና ዌብሳይቱን ከሰርቨሩ የሚያገናኘው ኤፒአይ ላይ ሲደረስ ግን ከአራቱ የአሠራር ዓይነቶች፣ ከሬስት፣ ከሶፕ፣ ከግራፍኪውኤልና ከጂአርፒሲ፣ የትኛው ይሁን የሚል ክርክር ይነሳል። አንዱ «ሬስት ይበቃናል» ይላል። ሌላው ዩቲዩብ ላይ ግራፍኪውኤል አይቶ ልቡ ሸፍቷል። ሦስተኛው ጂአርፒሲን የሚያህል ፈጣን የለም ብሎ ይምላል። ባንክ ጋ ስብሰባ የገባው ደግሞ ወፍራም የሶፕ ሰነድ ተሸክሞ ይመለሳል።

ለማወዳደር እንዲመች አንድ ሥራ እንያዝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች መቀመጫ የሚያስይዝ ሲስተም ነው። ተሳፋሪው በስልኩ ያስይዛል። ትኬት ተቆጣጣሪው ወደቡ ላይ በስልኩ ያረጋግጣል። ባለቤቱ ማታ ላይ በላፕቶፕ ሒሳቡን ያያል። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ነገር ላጥራ። ሬስት ብላችሁ ስትፈልጉ የፊዚክስ ገጽም ይመጣባችኋል። እዚያ የሚወራው ስለ እረፍት ነው፤ ከተመረጠ ማጣቀሻ አንጻር ፍጥነቱ ዜሮ የሆነ አካል እረፍት ላይ ነው ይባላል። ጀልባ ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ከጀልባዋ አንጻር እረፍት ላይ ነው፣ ከወደቡ አንጻር ግን እየሄደ ነው። የዌቡ ሬስት «ሪፕሬዘንቴሽናል ስቴት ትራንስፈር» የሚለው ስም ምህጻር ነው። ሮይ ፊልዲንግ በ2000 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ያስተዋወቀው የሲስተም አሠራር ስልት ነው። ሰውየው ብራውዘርና ሰርቨር ከሚነጋገሩበት ደንብ፣ ከኤችቲቲፒ 1.1፣ ጸሐፊዎች አንዱ ነው፤ ስለ ዌብ የጻፈው ከውስጥ ሆኖ ነው። የፊዚክሱና የዌቡ ሬስት አይገናኙም፣ እንለፍ።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ፣ ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ ምን ይሆናል? እኔ አንደኛ የማደርገው ይህንን ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት አብዛኛው የፍጥነት ውድድር ሁለት ሰርቨሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው የተለካ ነው። የእኛ ተጠቃሚ ጣና ላይ ነው፤ ሲግናሉ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ምን ያህል ዳታ ይበላል? ተጠቃሚው ፓኬጅ ገዝቶ ነው የሚገባው። ሦስተኛ፣ ኤፒአዩን የሚጠቀመው ማን ነው? የራሳችሁ አፕ ብቻ ነው ወይስ የማታውቁት አስጎብኚ ድርጅትም ይገናኝበታል? አራተኛ፣ ቡድኑ ስንት ሰው ነው፣ ምን ያውቃል፣ ለሰርቨር ምን ያህል ይከፍላል? አምስተኛ፣ ሲበላሽ ችግሩን ማግኘት ይቀላል ወይ?

ፍጥነት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሆን ብዬ ነው። የመቀመጫ ማስያዣ ሲስተም ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ዳታቤዙ ላይ ወይም ኔትወርኩ ላይ ነው። የኤፒአይ ዓይነት ቀይራችሁ የምታተርፉት ጥቂት ሚሊሰከንድ ተሳፋሪው አይታየውም።

ሬስት

በሬስት እያንዳንዱ ነገር የራሱ አድራሻ አለው። 41ኛው ጉዞ «/ጉዞዎች/41» ነው፣ የጉዞው ማስያዣዎች «/ጉዞዎች/41/ማስያዣዎች»። እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ኮድ ላይ በላቲን ጻፉት፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ። አድራሻው ላይ የሚደረገው ነገር በኤችቲቲፒ ግሦች ይገለጻል። ጌት ያነባል፣ ፖስት አዲስ ይፈጥራል፣ ፑት ይተካል፣ ዲሊት ይሰርዛል። የሚመላለሰው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ጄሰን በሚባል፣ በዓይን በሚነበብ የጽሑፍ ቅርጽ ነው።

ከፊልዲንግ ሕጎች መካከል ለእኛ ትልቁ ሰርቨሩ የንግግሩን ሁኔታ አለመያዙ ነው። እያንዳንዱ ሪኩዌስት (አፑ ለሰርቨሩ የሚልከው ጥያቄ) ማን እንደላከውና ምን እንደሚፈልግ ሙሉ በሙሉ ይዞ ይመጣል። ባጃጅ በቀየራችሁ ቁጥር መድረሻችሁን እንደ አዲስ እንደምትናገሩት ነው፤ አዲሱ ሾፌር ለፊተኛው የነገራችሁትን አያውቅም። ጥቅሙ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ከሜሞሪው ጋር አብሮ የጠፋ ሴሽን (ሰርቨሩ ስለ ተጠቃሚው የያዘው ማስታወሻ) የለም። ተጠቃሚው እንደገና ሎግኢን ሳያደርግ በያዘው ቶክን (ማንነቱን በሚያሳይ የመግቢያ ምልክት) ይቀጥላል። ሌላ ሰርቨር ጎኑ ብትጨምሩም የትኛው እንደሚመልስ ግድ አይሰጥም።

አሁን ወደ መጀመሪያው መመዘኛ። ተሳፋሪዋ ለነገ ጠዋት ሁለት መቀመጫ መረጠች። «አስይዝ» የሚለውን ነካች። ሪኩዌስቱ ሰርቨሩ ጋ ደረሰ፣ ዳታቤዙም ሁለት መቀመጫ መዘገበ። መልሱ እየተመለሰ ሳለ ኔትወርክ ጠፋ። ስልኳ ላይ የሚሽከረከር ክብ ብቻ ቀረ። ምን ታደርጋለች? ደግማ ትነካዋለች። ዝም ብላችሁ ፖስት ከተጠቀማችሁ አራት መቀመጫ ተያዘ ማለት ነው። ጠዋት ጀልባው ሁለት ባዶ ወንበር ይዞ ይነሳል፤ ክፍያው ሁለቴ ከተቆረጠ ደግሞ ጭቅጭቁ ወደቡ ላይ ይጀመራል።

ኤችቲቲፒ ለዚህ መልስ አለው። ጌት፣ ፑትና ዲሊት በትርጉማቸው ቢደጋገሙም ውጤታቸው ያው ነው። ፖስት ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ስልኩ ራሱ የማይደገም መለያ ቁጥር ፈጥሮ ማስያዣውን በዚያ ቁጥር አድራሻ ላይ በፑት መላክ ነው። ሁለተኛው ፖስቱን ይዛችሁ ሄደሩ (ከሪኩዌስቱ ጋር የሚሄደው ተጨማሪ መረጃ) ላይ መለያ ቁልፍ መጨመር ነው። ሰርቨሩ ያንን ቁልፍ ከዚህ በፊት ካየው አዲስ አይመዘግብም፣ የበፊቱን መልስ ይመልሳል። የክፍያ ኤፒአዮች ላይ የተለመደው ይኸኛው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ብዙ ሰው ያመልጡታል። ቁልፉ መፈጠር ያለበት ገጹ ሲከፈት ነው። አዝራሩ ሲነካ ከተፈጠረ በሁለተኛው ንክኪ አዲስ ቁልፍ ይመጣና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ቁልፉና ማስያዣው በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጻፋል ወይ ምንም አይጻፍም) ይጻፉ፤ የቁልፉ ዓምድ ድግግሞሽ እንዳይቀበል ይታዘዝ። «መጀመሪያ ፈልግ፣ ከሌለ ጻፍ» የሚል ኮድ ሁለት ሪኩዌስት በአንድ ቅጽበት ሲመጡ ያፈሳል። መቀመጫውን ሌላ ሰው ቀድሞ ከያዘው 409 («ግጭት አለ» የሚለውን የመልስ ኮድ) መልሱ፤ አፑ «ተይዟል፣ ሌላ ይምረጡ» ይበል።

ዳታ ላይም ሬስት ጥሩ ነው፣ ካሽን (የመጣን መልስ አስቀምጦ ደግሞ መጠቀምን) ከተጠቀማችሁበት። የጉዞ ዝርዝር በየደቂቃው አይቀየርም። ሰርቨሩ መልሱ ላይ ኢታግ የሚባል ምልክት ይለጥፋል። አፑ በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱን ይዞ «ተቀይሯል?» ብሎ ይጠይቃል። ካልተቀየረ 304 («አልተቀየረም» የሚል ኮድ) ብቻ ይመጣል፣ ዝርዝሩ ራሱ አይላክም። ይህን ለማግኘት የምትጽፉት ኮድ ትንሽ ነው፤ ብራውዘር እንዲያውም በራሱ ያደርገዋል።

ድክመቱስ? አንድ ስክሪን የጉዞውን ስም፣ የጀልባዋን ፎቶ፣ የቀሩትን መቀመጫዎችና የአየሩን ሁኔታ ሲፈልግ አራት ሪኩዌስት ሊያስልክ ይችላል። ደካማ ኔትወርክ ላይ አራት ምልልስ ያስመርራል። በተቃራኒው ስምና ዋጋ ብቻ የፈለገ ስክሪን ሙሉው መረጃ ይጫንበታል። ሌላው፣ ሬስት በራሱ የጽሑፍ ውል (ምን ተልኮ ምን እንደሚመለስ የሚገልጽ ፋይል) የለውም። ኦፕንኤፒአይ በሚባለው ዘዴ ሰነድ ካልጻፋችሁ ሌላው ዴቨሎፐር በግምት ይሄዳል።

«የእናንተ እውነተኛ ሬስት አይደለም» የሚላችሁ ሰው ይመጣል። ልክ ነው። ፊልዲንግ ራሱ በ2008 ሬስት እየተባሉ የሚጠሩ ብዙ ኤፒአዮች ሬስት እንዳልሆኑ ተቆጥቶ ጽፏል፤ ቀጣዩ እርምጃ መልሱ ውስጥ በሊንክ መምጣት አለበት ባይ ነው። ሊዮናርድ ሪቻርድሰን ኤፒአዮችን ከ0 እስከ 3 በደረጃ ከፍሏቸዋል፤ ሊንኩ ያለው 3ኛው ላይ ነው። በኔ እይታ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ 2ኛው ደረጃ ይበቃል፦ ትክክለኛ አድራሻ፣ ትክክለኛ ግሥ፣ ትክክለኛ የመልስ ኮድ። ሁላችንም የምንሠራበት የቴሌግራም ቦት ኤፒአይ እንኳ አድራሻው ላይ የትእዛዝ ስም የሚጻፍበት ነው፤ ጥብቅ ሬስት አይደለም፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

ሶፕ

ሶፕ የቆየ ነው። 1.2 የተባለው ቅጂ በ2003 የዌብ ደረጃ አውጪው ደብልዩ3ሲ ምክረ ሐሳብ ሆነ። ሁሉም መልእክት ኤክስኤምኤል በሚባል፣ መረጃን በምልክቶች እየከበበ በሚጽፍ ቅርጽ ፖስታ ይታሸጋል። ውሉ ዊዝድል በሚባል ፋይል ተጽፎ ይሰጣችኋል፤ ጃቫ ወይም ዶትኔት የምትጽፉ ከሆነ ኮዱ ከዚያ ይፈለፈላል። መልእክቱን ራሱን በፊርማ ማሸግ የሚያስችል የደኅንነት ደረጃም አለው። ባንክና አየር መንገድ ነክ ሲስተሞች ውስጥ እስካሁን ያለው ለዚህ ነው።

ለአዲስ ሥራ አልመክረውም። መልእክቱ ከባድ ነው፤ በፒኤችፒና በጃቫስክሪፕት መሥራትም አታካች ነው። ምርጫው የእናንተ ካልሆነ ግን አትሽሹት። ባንኩ ያለው እሱ ከሆነ እሱን ነው የምትሠሩት።

ግራፍኪውኤል

ፌስቡክ በ2012 ለራሱ ሞባይል አፕ ሠራው፣ በ2015 ለሕዝብ ለቀቀው። አድራሻው አንድ ነው። አፑ የሚፈልጋቸውን መስኮች ዘርዝሮ ይልካል፣ የዘረዘረውን ብቻ ያገኛል። ያ አራት ምልልስ የሚጠይቀው ስክሪን እዚህ በአንድ ያልቃል። ስኪማው (የመረጃው ንድፍ) ራሱ ውል ስለሆነ የፍሮንትኤንድ (የስክሪኑን ክፍል የሚሠራው) ልጅ ባክኤንዱን (ሰርቨሩን የሚሠራውን) ሳይጠይቅ ያለውን ያያል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ሰርቨሩ በኩል ነው። የ20 ጉዞዎችን ዝርዝር ከየጀልባቸው ጋር ስትጠይቁ በግዴለሽነት የተጻፈ ሰርቨር አንድ ጊዜ ለዝርዝሩ፣ 20 ጊዜ ደግሞ ለየጀልባው ዳታቤዙን ይነካል። መፍትሔው ጥያቄዎቹን አሰባስቦ በአንዴ መላክ ነው፣ ላይብረሪም አለው፤ ግን ማወቅና መጻፍ ይጠይቃል። ጉዞ ውስጥ ጀልባ፣ ጀልባ ውስጥ ጉዞ እያለ የሚጠልቅ ጥያቄ ልኮ ሰርቨራችሁን የሚያንበረክክ ሰው እንዳይመጣም የጥልቀት ገደብ ማበጀት አለባችሁ።

ካሹም ይቀራል። ጥያቄዎቹ ብዙውን ጊዜ በፖስት ስለሚላኩ ያ የ304 ጥቅም ዝም ብሎ አይገኝም፤ አፑ ውስጥ የራሱ ካሽ ያለው ላይብረሪ ማስገባት ይኖርባችኋል። ስሕተትም አብዛኛውን ጊዜ 200 («ተሳክቷል» የሚል ኮድ) ሆኖ ይመጣና ውስጡ ገብታችሁ ታነቡታላችሁ። የተቋረጠ ማስያዣን በተመለከተ የሚሰጣችሁ ልዩ ነገር የለም። መለያ ቁልፉን እዚህም ራሳችሁ ትሠራላችሁ።

አምስት ስክሪን ላለው አፕ ይህን ሁሉ መሸከም ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ጂአርፒሲ

ጎግል በ2015 ለሕዝብ የለቀቀው ነው። በኤችቲቲፒ 2 ላይ ይሄዳል። መረጃውን ፕሮቶኮል በፈርስ በሚባል የባይነሪ ቅርጽ (ለማሽን እንጂ ለዓይን ያልተጻፈ) ያሽጋል። ውሉ በአንድ ፋይል ይጻፋል፤ ከዚያ ለጎ፣ ለጃቫ፣ ለፓይተን የሚሆን ኮድ ይፈለፈላል። «በዚህን ያህል ሰከንድ ካልተመለሰ ተወው» የሚል የጊዜ ገደብ ከጥሪው ጋር አብሮ መጓዙን እወድለታለሁ። ሁለት ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚመች ነገር ነው።

ብራውዘር ግን በቀጥታ አያናግረውም፤ መሃል ላይ አስተርጓሚ ፕሮክሲ ይጨመራል። የባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ ለሚከፈት የሒሳብ ገጽ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ዕቃ መትከል ማለት ነው። የሚመላለሰውም በዓይን አይነበብም። ማታ 4 ሰዓት ላይ «ትኬቴ አልመጣም» የሚል ስልክ ሲደወልላችሁ ሎግ (የሰርቨሩን መዝገብ) ከፍቶ ጄሰን ማንበብና ባይነሪ መፍታት አንድ አይደሉም።

ዳታ ይቆጥባል የሚባለውስ? ለአማርኛ ጽሑፍ ግማሽ እውነት ነው። የመስኮቹ ስሞች በቁጥር ስለሚተኩ ያ ይቀንሳል። ጽሑፉ ራሱ ግን ያው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ የተጻፈ ነው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ጄሰን ውስጥም ቢሆን። የጉዞ መግለጫ፣ የገዳማት ታሪክና የተሳፋሪ ስም በአማርኛ የሚያመላልስ ሲስተም ከባይነሪው የሚያተርፈው ከቁጥር በቁጥር የሆነ ሲስተም ያነሰ ነው። ጄሰኑን ጂዚፕ በሚባለው መጭመቂያ ብታሽጉት ደግሞ ተደጋጋሚዎቹ የመስክ ስሞች እዚያው ይጨመቃሉ።

በአንድ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ሬስት | ሶፕ | ግራፍኪውኤል | ጂአርፒሲ |
|---|---|---|---|---|
| ኔትወርክ ሲቋረጥ | ደጋግሞ ለመላክ የግሦቹ ሕግ ያግዛል፤ ለፖስት ቁልፍ ጨምሩ | በራሳችሁ ወይም በተጨማሪ ደረጃ | ቁልፉን ራሳችሁ ሥሩ | የጊዜ ገደብ አለው፤ ቁልፉን ራሳችሁ ሥሩ |
| ዳታ | መካከለኛ፤ ከካሽ ጋር ትንሽ | ብዙ | ትንሽ፤ ካሹ ግን ሥራ አለው | ትንሽ፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ልዩነቱ ይጠባል |
| ለሌላ ድርጅት መስጠት | በጣም ይቀላል | ባንክና ትልቅ ድርጅት ያውቀዋል | ስኪማ ማስተማር ይጠይቃል | ለሰርቨር ብቻ |
| ብራውዘር | በቀጥታ | ያስቸግራል | በቀጥታ | ፕሮክሲ ይፈልጋል |
| ለመልመድ | ቀላል | ከባድ | መካከለኛ፤ ሰርቨሩ ከባድ | መካከለኛ |
| ብልሽት መፈለግ | በብራውዘር ይታያል | ይነበባል፣ ይረዝማል | 200 ውስጥ የተደበቀ ስሕተት | ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል |

የትኛውንም ብትመርጡ

ሁለት የእኛ አገር ጣጣዎች አሉ፤ የውጭ መመሪያዎች አይነግሯችሁም።

የመጀመሪያው ፊደል ነው። የፒኤችፒና የፓይተን መደበኛ የጄሰን መጻፊያ ካልነገራችሁት በቀር የአማርኛን ፊደል በ6 ምልክት ኮድ ይተካዋል። «ባሕር ዳር» ከነክፍተቱ 16 ባይት መሆን ሲገባው 31 ይሆናል። ሁለቱም ጋ ይህን የሚያጠፋ አንድ ቅንብር አለ፤ አጥፉት። አድራሻ ውስጥ ሲገባ ይብሳል። እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፣ «ጣና» ብቻውን 18። አድራሻ በላቲን ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። ፍለጋ ላይ ደግሞ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን አንድ የሚያደርግ ማስተካከያ ሰርቨሩ ላይ ይኑር፤ አለዚያ «ባህር ዳር» ብሎ የጻፈው ሰው «ባሕር ዳር»ን አያገኝም።

ሁለተኛው ቀንና ሰዓት ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚነሳ ጀልባ ኤፒአዩ ውስጥ 2፡00 ተብሎ ከገባ የውጭ ቱሪስቱ ስልክ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን 2 ሰዓት ያሳየዋል። ዳታቤዝና ኤፒአይ ውስጥ በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 8፡00፣ ከግሪንዊች ካለን የ3 ሰዓት ልዩነት ጋር፣ ይቀመጥ። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀየረው ስክሪኑ ላይ ሲታይ ብቻ ነው። ጳጉሜንን አትርሱ፤ 13ኛ ወር የማያውቅ ካሌንደር ላይብረሪ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይውጣል።

ለማን የትኛው?

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ የፖሊ (የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ) ተማሪዎች፦ ሬስት፣ 2ኛ ደረጃ። መለያ ቁልፉን አሳምራችሁ ብትሠሩና ኔትወርኩን ነቅላችሁ ብታሳዩ መድረክ ላይ ከግራፍኪውኤል የበለጠ ያስመሰግናችኋል።

ሁለትና ሦስት ሆናችሁ፣ አንዲት ትንሽ ሰርቨር ተከራይታችሁ ለሆቴል ወይም ለጀልባ ማኅበር የምትሠሩ፦ አሁንም ሬስት። ሰርቨሩ ውጭ ከሆነ ኪራዩ በዶላር ነው፤ ያለ ካሽ የሚሄድ ኤፒአይ ትልቅ ሰርቨር ያስከራያችኋል። ብዙ ምልልስ የሚያስከትለው ስክሪን ካስቸገረ ለእሱ ብቻ ሁሉንም በአንድ የሚመልስ አንድ አድራሻ ጨምሩ። ንጹሕ ሬስት አይሆንም፣ ተጠቃሚው ግን አያውቅም።

ዌብ፣ አንድሮይድና አይፎን ያላችሁ፣ ስክሪኑ በየሳምንቱ የሚቀያየር፣ ለፍሮንትኤንድ ብቻ የተመደቡ ልጆች ያሏችሁ፦ ግራፍኪውኤል እዚህ ላይ ትርጉም አለው። ባክኤንዱን የሚያውቅ አንድ ጠንካራ ሰው ግን ይኑራችሁ።

ሲስተማችሁ አድጎ ክፍያው፣ ማሳወቂያውና ማስያዣው በተለያየ ሰርቨር የተለያዩ እንደሆነ፦ ውስጥ ለውስጥ ጂአርፒሲ፣ ወደ ውጭ ሬስት። አንድ ሰርቨር ላይ ሁሉም ነገር እየሠራ ከሆነ ለመለያየት አትቸኩሉ።

ከባንክ ወይም ከአየር ትኬት ሲስተም ጋር የምትገናኙ፦ የሚሰጧችሁን ተቀበሉ። ሶፕ ከሆነ እሱን የሚያናግር ትንሽ ፕሮግራም ለብቻው ጻፉና ለቀረው ሲስተማችሁ ሬስት ሆኖ ይታይ። ዊዝድሉ ሲላክላችሁ የሙከራ ሰርቨሩን አድራሻ፣ የሰርቨሩ ዲጂታል የምስክር ወረቀት መቼ እንደሚያልቅና መልስ ሳይመጣ ቢቀር ክፍያው መቆረጡን በምን ጥሪ እንደምታጣሩ በጽሑፍ ጠይቁ። ሦስተኛው ካልተመለሰላችሁ ኮድ መጻፍ አትጀምሩ።